የፋይሉ ባለቤት ማነው?

የአንድ የባህል መጽሔትን ዌብሳይት በበጎ ፈቃድ አስተዳድራለሁ። ጽሑፎቹ ብዙ ሰው የደከመባቸው ናቸው፤ ገጹ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሲጠፋ ያመኛል። የሚሠራው ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ሲስተም።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አንባቢ ቀነስ በሚልበት ሰዓት፣ አዲሱን የዎርድፕሬስ ስሪት ልጭን ተቀመጥኩ። ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ባክአፕ ወሰድኩ። ከዚያ «አፕዴት» የሚለውን ነካሁ። ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣ። አንዳንድ ፋይሎችን መገልበጥ ስለማይቻል ማሻሻያው አይጫንም፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፋይል ፈቃድ መዘበራረቅ ነው ይላል። ከሥሩ የፋይሎች ዝርዝር አለ። ሁሉም የዎርድፕሬስ የራሱ ኮድ በሚቀመጥበት ደብሊውፒ ኢንክሉድስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉ ናቸው።

ደግነቱ ዎርድፕሬስ ፋይሎቹን መተካት ከመጀመሩ በፊት መጻፍ መቻሉን ይፈትሻል። ግማሹን ቀይሮ ግማሹን ቢተወው ኖሮ ገጹ እዚያው ይቆም ነበር።

እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው የፋይሎቹን ፈቃድ 777 አድርጎ ይገላገላል። እኔም ከዓመታት በፊት ሌላ ገጽ ላይ አድርጌዋለሁ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። ሦስቱ አሃዞች በቅደም ተከተል ለባለቤቱ፣ ለቡድኑ እና ለሌላው ሁሉ ናቸው። እንግዲህ 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንም ይጻፍበት ማለት ነው። ያኔ ፎቶ በሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ የማላውቀው የፒኤችፒ ፋይል፣ ማለትም የፕሮግራም ኮድ፣ አገኘሁ። ገጹን እንደገና ከባዶ ነው የሠራሁት። በዚህኛው ልደግመው አልፈለግኩም።

ግን በሌላ በኩል ቸኮልኩ። ለፋይል 644፣ ለፎልደር 755 የሚለውን የተለመደ ምክር አስታወስኩና ፈቃድ በሚቀይረው ችሞድ በሚባለው ትእዛዝ፣ የገጹ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ባንዴ 644 አልኩት። ፎልደሮቹም አብረው 644 ሆኑ። ፎልደር ላይ ያቺ 1 የመግቢያ በር ናት። እሷ ከተነሳች ውስጡ ያለ አንድም ፋይል አይከፈትም። ገጹ ወዲያው ጠፋ።

አዘጋጇ ደወለች። «ወንድሜ፣ ገጹ እኮ አይከፈትም፤ ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ የነካካሁት። አስር ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ» አልኳት።

እኔ ጋ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል። ፎልደሩ ውስጥ እገባለሁ፣ ፋይሉን እከፍታለሁ። ለካ የገባሁት በሩት፣ ማለትም በሰርቨሩ የበላይ አስተዳዳሪ መለያ ነው፤ ሩትን ደግሞ የፈቃድ ቁጥር አይዘውም። ከዚያች ማታ ወዲህ ፈቃድ የምፈትሸው በዌብ ሰርቨሩ (ገጹን ለአንባቢ በሚያቀርበው ፕሮግራም) መለያ ሆኜ ነው። ኡቡንቱ ላይ መለያው ሦስት ደብሊው ዳታ ይባላል። ሌላ መለያ ሆኖ ማዘዝ በሚያስችለው ሱዶ እሱን ሆኜ ያንኑ ፋይል ላንብብ ስል «ፈቃድ የለም» አለኝ።

ፋይንድ በሚባለው ትእዛዝ ፎልደሮቹን ለብቻ ለይቼ 755፣ ፋይሎቹን ለብቻ 644 ሰጠሁ። ገጹ ተመለሰ። ማሻሻያው ግን አሁንም እምቢ አለ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው፣ አይጽፍም።

ቁጥሩን ትቼ ባለቤቱ የተጻፈበትን ዓምድ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ከላይ እስከ ታች «ሩት» ይላል። ከወራት በፊት ያ ፎልደር ተበላሽቶ ከባክአፕ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ በሩት ገብቼ። የመለስኳቸው ፋይሎች የሩት ሆነው ቀሩ። 644 መጻፍ የሚፈቅደው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ዌብ ሰርቨሩ «ሌላው ሁሉ» ውስጥ ስለወደቀ የሚደርሰው የመጨረሻዋ 4 ናት። ያነባል፣ አይጽፍም። ገጹ በማንበብ ብቻ ስለሚሠራ ለወራት ምንም አልታወቀም።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ዎርድፕሬስ ከ3.7 ስሪት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ማለት ነው፣ ትንንሽ የደህንነት ማሻሻያዎችን በራሱ ይጭናል። የእኛ ገጽ በእነዚያ ወራት አንዱንም አልጫነም። አልተሳካም የሚሉት ኢሜይሎች ማንም በማይከፍተው አድራሻ ተጠራቅመው አገኘኋቸው። አሁን አድራሻው የእኔ ነው።

ቻውን በሚባለው ትእዛዝ ባለቤትነቱን ለዌብ ሰርቨሩ አዞርኩ። ማሻሻያው በሁለት ደቂቃ አለቀ። አዘጋጇን ደውዬ «አለቀ፣ እዪው» አልኳት።

የዳታቤዙ ይለፍ ቃል ያለበት ደብሊውፒ ኮንፊግ የሚባለው ፋይል ግን ገና ነበር። የቅድሙ ትእዛዝ እሱንም 644 አድርጎታል። ባለቤቱን የራሴን መለያ፣ ቡድኑን ዌብ ሰርቨሩን አድርጌ 640 ሰጠሁት። በመጨረሻ ዎርድፕሬስን በትእዛዝ በሚያስተዳድረው ደብሊውፒ ሲኤልአይ ፋይሎቹን ከዋናው ስሪት ጋር አመሳከርኩ። ባዕድ ፋይል የለም።

የፕሮግራሙ ፋይሎች ጨርሶ የዌብ ሰርቨሩ መሆን የለባቸውም፣ ሰብሮ የገባ ሰው እንዳሻው ይለውጣቸዋል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰርቨሩን በየቀኑ የሚከታተል ሰው ካለ እኔም ያንን እመርጣለሁ። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ሰው ስለሌለ የደህንነት ማሻሻያው በጊዜው መግባቱ ይበልጥብኛል።

አሁን ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት ባለቤታቸው ከዌብ ሰርቨሩ ውጪ የሆኑ ፋይሎችን በፋይንድ እዘረዝራለሁ። ያ ኮንፊግ ብቻውን ከወጣ እጀምራለሁ። ሌላ ስም አብሮ ከወጣ መጀመሪያ እንዴት እዚያ እንደገባ አጣራለሁ።