እጀ ረጅሙ ሽሪምፕ

ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ስምንትና ኮሪዶራስ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ወደሚኖሩበት የ60 ሊትር አኳሪየሜ (የመስታወት የዓሣ ማኖሪያ) አራት ትንንሽ ሽሪምፖችን የጨመርኩት ከአምስት ወር በፊት ነው። ሰውነታቸው እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ርዝመታቸውም ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነበር፤ ሻጩም "ጎስት ሽሪምፕ" ብሎ ነው የሰጠኝ። የምግብ ትርፍራፊና አልጌ እየለቀሙ ወለሉን ያጸዱልኛል ብዬ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ያንኑ ሲያደርጉ ቆዩ።

ከሁለት ወር በኋላ ግን ቴትራዎቹን ስቆጥር ሰባት ሆኑብኝ፤ በሳምንቱ ደግሞ ስድስት። የአንዱን ቅሪት ከሽሪምፖቹ ትልቁ ታቅፎ ሲበላው አየሁት፤ ሆኖም ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ሽሪምፕ የሞተ ነገር የሚበላ እንስሳ በመሆኑ፣ ሌሊት በሕመም የሞተ ዓሣ ጠዋት አጥንቱ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ሽሪምፕን ሬሳ ላይ ማግኘት ለመግደሉ ማስረጃ አይሆንም። ይህ አስተሳሰብ አሁንም ትክክል ይመስለኛል፤ ስህተቴ እዚያው ላይ መቆሜ ነበር። ውሃውን ለካሁ፤ ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያም ናይትራይትም አልተገኙበትም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሕይወት ያለ ዓሣ ነው። አንዱ ኮሪዶራስ የጭራ ክንፉ ግማሽ ጎድሎ፣ ጎኑም ላይ ቁስል ይዞ አገኘሁት። በበሽታ የሚበሰብስ ክንፍ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ እየነጣና እየተበጣጠሰ ይሄዳል፤ ይህ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ነበር። በዚያው ምሽት መብራቱን አጥፍቼ፣ ሽሪምፖች ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማያዩ የእጅ ባትሪዬን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኜ ከአኳሪየሙ ፊት ተቀመጥኩ። ኒዮን ቴትራ ሲተኛ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የዓይን ቆብ ስለሌለውም ዓይኑን እንደገለጠ ከተክሎቹ አጠገብ ባለበት ረግቶ ይቆያል። ሽሪምፑ ከማጣሪያው ጀርባ ወጥቶ፣ ሁለት ቀጫጭን ክንዶቹን ወደፊት ዘርግቶ በዝግታ ተጠጋ፤ ጥቂት ቆየና አንዱን ዓሣ ጭራው ላይ ያዘው። ዓሣው ተፈራግጦ ሲያመልጥ የክንፉ ቁራጭ ሽሪምፑ እጅ ላይ ቀረ።

በማግስቱ በማጉያ መነጽር ስመለከተው የገዛሁት ምን እንደሆነ ገባኝ። ጉዳት የማያደርሱት ቼሪና አማኖ ሽሪምፖች የፊት እግሮቻቸው መቆንጠጫ በጣም አጭርና ጫፉ ጸጉራም ስለሆነ አልጌ ከመጥረግ ያለፈ አቅም የለውም። የእኔው ግን ከማክሮብራኪየም ወገን ነው፤ በዚህ ወገን ሁለተኛው ጥንድ እግር ይረዝማል፣ በብዙዎቹ ዝርያዎች የጎለመሰ ወንድ ላይም ከራሱ ከሰውነቱ ሊበልጥ ይችላል። ስሙ በግሪክኛ "ረጅም ክንድ" ማለት ነው፤ እኛም እጀ ረጅም የምንለው ሌባን ስለሆነ ትርጉሙ ሳይስማማው አልቀረም። ክንዱ በጨቅላነቱ ጎልቶ ስለማይታይ ከጎስት ሽሪምፕ ጋር ማምታታቱ ቀላል ነው። ግዝፈት ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ባምቡ ሽሪምፕ ከብዙዎቹ የአኳሪየም ሽሪምፖች የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ እጆቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ከውሃው ውስጥ ጥቃቅን ምግብ ያጠምዳሉ እንጂ ማንንም አይነኩም።

በደንብ ብመግበው ይተዋል ብዬ ማታ ማታ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ምግብ ጨመርኩለት፤ ጥቃቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በመረብ መያዝም አልተቻለም፤ ጭራውን አጥፎ በቅጽበት ወደ ኋላ ይወረወራል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፕን እንደሚገድል አውቃለሁ፤ ነገር ግን መዳቡ በጠጠሩ ውስጥ ሊቀር፣ ሬሳውም በተደበቀበት በስብሶ ውሃውን ሊያበላሽ ስለሚችል አልሞከርኩትም። በመጨረሻ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ ወደ ውስጥ ገልብጬ ገጠምኩበት፤ ምግብ ጨምሬም ማታ ወለሉ ላይ አስተኛሁት። በሦስተኛው ሌሊት ሁለቱም ገቡ። አራት የነበሩት ለምን ሁለት እንደቀሩ ለመገመት አይከብድም፤ ቅርፊቱን የቀየረ ሽሪምፕ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳ ስለሚሆን ለገዛ ወገኖቹ ምግብ ይሆናል።

ኮሪዶራሱ ውሃውን ቶሎ ቶሎ በከፊል እየቀየርኩለት ክንፉ መልሶ በቅሏል። ሁለቱን ሽሪምፖች መሐላቸው ተከፍሎ በተለየ አኳሪየም አኑሬአቸዋለሁ፤ ትልቁ አሁን ምግቡን ከወረንጦ ላይ የሚቀበለኝ በዚያው ረጅም ክንዱ ነው።