በሐምሌ ዝናብ ከንቲባ ለሠራተኞቹ ምን ይጻፍ?

ሐምሌና ነሐሴ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚያሳስቡ ወራት ናቸው። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ዝናብ ሌሊቱን ሲቀጥል ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ድንጋይ ይዞ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ የቦርከና ወንዝም ዳርቻውን እየገመሰ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ሰሞን ለነዋሪው የሚነገረውን ማስጠንቀቂያ ሁላችንም በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ እንሰማለን። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ከዚያ ቀድሞ መውጣት ስለሚገባው ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም የከተማው ከንቲባ ወይም የክፍለ ከተማው ሥራ አስፈጻሚ ለገዛ ሠራተኞቹ ስለሚልከው መልእክት።

የዚህ መልእክት ተቀባዮች እነማን እንደሆኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ከዝናቡ ሲጠለል ቦይ የሚከፍቱት፣ ሌሊት የተሰበረ የውሃ መስመር የሚጠግኑት፣ ናዳ የዘጋውን መንገድ በሎደር የሚጠርጉት፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ለማጽዳት የሚወጡት እናቶች፣ የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችና የቀበሌ ባለሙያዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው ማሳሰቢያ ማኅተም ያረፈበት አጭር ወረቀት ሲሆን፣ ሠራተኛው ሁሉ በተጠንቀቅ እንዲቆም፣ ሥራውን በትጋት እንዲያከናውንና የማይገኝ ቢኖር ተጠያቂ እንደሚሆን ይገልጻል። በእኔ እምነት ይህ በቂ አይደለም። ሠራተኛው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያዘው፣ በተለይም የት ላይ መቆም እንዳለበት አይነግረውም።

መልእክቱ ከሁሉ አስቀድሞ ማንም ሠራተኛ ያልተፈተሸ ናዳ ውስጥ እንዳይገባ ቢያዝ እወዳለሁ። ይህን የምለው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን በማስታወስ ነው። በዚያ አደጋ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልፉ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደሚገኙበት በወቅቱ የዞኑ አስተዳደር ገልጿል። ጎረቤቱ ሲቀበር ቆሞ ማየት የእኛ ሰው ባሕርይ አይደለም፤ ኡኡታ የሰማ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚመለከትና ፊሽካ የሚነፋ አንድ ሰው ሳይቆም ቁፋሮ እንዳይጀመር፣ ቆፋሪዎቹም በየት በኩል ሮጠው እንደሚወጡ አስቀድመው እንዲያውቁ የሚያዝዘው መመሪያ መነገር ያለበት ዝናቡ በጀመረበት ቀን ነው። ልቅሶና ጩኸት በበዛበት ሰዓት የሚሰማው አይኖርም።

ደሴ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለችም። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ የተቀመጠች ሲሆን፣ ብዙው ተዳፋት በአለት ላይ የተከማቸ ልል አፈርና ድንጋይ ነው። ረጅም ዝናብ ሲያጠግበው፣ ወንዙ እግሩን ሲበላው፣ ወይም ለቤትና ለመንገድ ተብሎ ከሥሩ ሲቆረጥ ይንሸራተታል። ምልክቶቹም የሚታወቁ ናቸው፤ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየት፣ የመብራት ምሰሶና ዛፍ መዘንበል፣ ደህና የነበረ በር አልዘጋ ማለት፣ የጠራ ምንጭ መደፍረስ ወይም ባልነበረበት ቦታ ውሃ መፍለቅ። የወንዝ ውሃ ዝናብ እየጣለ በድንገት ቢቀንስም ደስ ሊለን አይገባም፤ ከላይ ናዳ ገድቦት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ምልክቶች ከማንም በፊት የሚያዩት በየሰፈሩ የሚዞሩት የጽዳት ሠራተኞች፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢዎችና የሌሊት ጥበቃዎች ስለሆኑ፣ መልእክቱ ምልክቶቹን ዘርዝሮ የሚደወልበትን አንድ ስልክ ቢሰጣቸው ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማል።

የመንገዱም ጉዳይ አለ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት በሐረጎና በዶሮ መዝለያ በኩል ሲያልፍ በክረምት ጉም የሚውጠው፣ ድንጋይም የሚወርድበት ነው። አንዱ ከተማ እየኖሩ ሌላው ከተማ የሚሠሩ ሰዎች በየጠዋቱ በሚኒባስ ይመላለሱበታል፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛም የሚወጣው በዚሁ ነው። መንገዱ አስጊ በሆነበት ጠዋት ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ፈርቶ ነፍሱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሠራተኛ መኖር የለበትም። «መንገድ የተዘጋበት ሠራተኛ ለቅርብ ኃላፊው በስልክ ያሳውቅ፤ እንደ ቀሪ አይቆጠርም» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። አለቃ ሠራተኛውን እንደሚያምነው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ መስመር ይመስለኛል።

መልእክቱ በቴሌግራም ቢለቀቅ ፈጣን ነው፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ ኔትወርክም ይደክማል፣ የቀን ሠራተኛውና ጥበቃው ደግሞ ዘመናዊ ስልክ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቡድን መሪ ለቡድኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ ማሰማት፣ መስማታቸውንም ማረጋገጥ አለበት። ሰዓቱም የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ። ከንቲባው በዚያ ሰዓት የታወቀውን፣ ገና ያልተጣራውንና ቀጣዩ መልእክት መቼ እንደሚመጣ ለይቶ ከነገራቸው፣ ሠራተኞቹ ለነዋሪው የሚሰጡት መልስ አንድ ይሆናል፤ ወሬም ቦታ ያጣል። ሌሊቱን የሠራው ቡድን በማግስቱ እንዲያርፍ፣ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ያልደረሰውም ወደ ሥራ እንዳይሰማራ እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። የተከፈተው ቦይ እንደገና በላስቲክና በቆሻሻ ሲሞላ የሚያዝነው ያው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ለድካሙ በከንቲባው እጅ የተጻፈ ምስጋና ቢጨመርበት ይገባዋል።

የደሴው መልእክት ደሴ ላይ መቆምም የለበትም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ ጦሳ ላይ የዘነበው ውሃ በቦርከና አድርጎ ወደ እሷ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በወንዙ ዳር አሸዋ የሚያወጡ፣ ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ይህን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ ደሴ ላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን የሚገልጸው መልእክት ለደሴ ሠራተኞች በተላከበት ደቂቃ ለኮምቦልቻ ተረኞችም ይድረስ፤ የተረኞቹም ስልክ ቁጥር ከሰኔ ጀምሮ በሁለቱም ከተሞች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆይ።