ሞንታርቦው መኪና ውስጥ ቀረ

ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ሀላባ ቁሊቶን ታገኛላችሁ። በኅዳር ከሄዳችሁ ደግሞ በርበሬዋ ገና ሳትደርሱ ያስነጥሳችኋል። እኛ ስንደርስ ለቀማው ተጀምሮ ነበር። በየደጁ ቀይ ምንጣፍ የተዘረጋ ነበር የሚመስለው።

የሄድነው ከአዲስ አበባ ነው፣ ለጸሎትና ለምስክርነት። ሀላባ በጎረቤቶቿ መሃል ለየት ትላለች። ከምባታ፣ ሀዲያና ወላይታ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከገቡ ወዲህ ወንጌል በሰፊው የገባባቸው ናቸው። በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ አምራቹ የሀላባ ገበሬ ግን በአብዛኛው ሙስሊም ነው።

ከመካከላችን አንዱ ወንድም ሞንታርቦ ጭኖ መጥቷል። ሐሙስ ገበያው መሃል ቆሞ ሊሰብክ! የከተማዋ ምእመናን ሲሰሙ ደነገጡ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. መስጊድ ተቃጠለ የሚል የሐሰት ወሬ ተነዝቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለውባቸዋል። "እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፣ እኛ ግን እዚሁ ነን" አሉን። ሞንታርቦው መኪና ውስጥ ቀረ። እኔ በበኩሌ እፎይ አልኩ። ጩኸት ድፍረት የሚመስለው ሰው አይገባኝም።

በማግስቱ አንድ የአካባቢው ወንድም አባቱን የሚያውቁ ሽማግሌ ቤት ወሰደን። ቤቱ ክብ ነው፣ ግድግዳው ውስጡም ውጪውም በቀለም የተሳለ። ከምሰሶው ጀርባ አንበሳ ቆሟል፤ ዓይኑ አንዱ ከሌላው ይበልጣል። የሳሉት የቤቱ እመቤት ናቸው። ቡና እያፈሉ ስናየው ሳቁብን።

ሽማግሌው ረጅሙን ባርኔጣቸውን አውልቀው "ምን እግር ጣላችሁ ልጆቼ?" አሉ። "ክርስቲያኖች ነን አባባ፤ ለአገሩና ለሰዉ ልንጸልይ መጣን" አልናቸው፣ ሳንደባብቅ። "እንግዲያው ለዝናቡም ዱዓ አድርጉ፤ ለዚህም ልጅ" አሉና ወባ የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አሳዩን። በኢየሱስ ስም ጸለይን። እሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው "አሚን" አሉ። ይሄን ሪፖርት ላይ "አንድ ነፍስ ዳነ" ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ እኛ አልጻፍንም። ልጁን በመኪናችን ጤና ጣቢያ አደረስነው።

ስንመለስ ጥያቄው የመጣው ከሳቸው ነው። "ነቢዩ ዒሳን እኛም እናከብራለን። እናንተ የምትጨምሩት ምንድነው?" ስለ መስቀሉ ነገርናቸው። አልተሰቀለም ብለው ተከራከሩን፣ በትዕግሥት፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ። የዐስር ሰላት ሲደርስ ተነሱ። እኛ የምንሄድ መስሎን ጫማ መፈለግ ጀመርን። "ቁጭ በሉ እንጂ!" ብለው ተቆጡን። ሰግደው ተመለሱና "የት ላይ ነበርን?" አሉ።

እስኪመሽ ተጨዋወትን፣ አልተስማማንም። ለሚቀጥለው ለቀማ ቀጥረውናል፤ በርበሬም ከደላላ እንዳንገዛ አስጠንቅቀውናል።