ፒቲፉል ማን ነው? አዛኙ ወይስ የሚታዘንለት?

በአማርኛ «አዛኝ» እና «አሳዛኝ» የሚለያዩት በአንዲት «ሳ» ነው። መንዝ ላይ በውርጭ ማለዳ፣ በርኖሱ ያለቀበት ሽማግሌ አጥር ጥግ ኩርምት ብሎ ፀሐይ ሲጠብቅ ያየች ሴት ከንፈሯን መጥጣ «እኔን!» ትላለች። እሷ አዛኝ ናት፣ እሱ አሳዛኝ። ማን ለማን እንዳዘነ ማንም አይምታታበትም።

የእንግሊዝኛው «ፒቲፉል» ግን «ሳ» የለውም። «ፒቲ» ሐዘኔታ ነው፣ «ፉል» ደግሞ የተሞላ። ሐዘኔታው የተሞላው በማን ውስጥ እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ «አዛኝ፣ ርኅሩኅ» ማለት ነበር፤ ቆይቶ «አሳዛኝ»ም ሆነ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔርን «ቬሪ ፒቲፉል» ይለዋል። እጅግ ርኅሩኅ ነው ማለቱ ነው። ያንኑ ሐረግ ዛሬ በመንገድ ላይ እንግሊዝኛ ብትሰሙት ስድብ ነው፤ ምክንያቱም ቃሉ «አሳዛኝ» ላይም አልቆመም፣ ወርዶ ወርዶ «የማይረባ» ጋ ደርሷል። «ኤ ፒቲፉል ሳላሪ» በአማርኛ አሳዛኝ ደመወዝ አይደለም። «ደመወዝ ተብዬ» ነው። ይህን «ተብዬ» ያዙት፤ ለብዙዎቹ የእንግሊዝኛ የሐዘኔታ ቃላት ቁልፉ እሱ ነው።

«ፒቲ» ራሱ የመጣው ከላቲኑ «ፒየታስ» ነው፤ ለአምላክ፣ ለወላጅና ለአገር የሚገባን ግዴታ መወጣት ማለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ወደ ርኅራኄ ወሰደችው፣ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝ ገባ። «ፓየቲ» ማለትም መንፈሳዊነት ከዚያው ማህፀን የወጣ ወንድሙ ነው። በአጻጻፍ በኩል ተማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው፦ የ«ፒቲ» መጨረሻ ፊደል «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል፣ «ፉል» ደግሞ ከሁለቱ «ኤል» አንዱን ይጥላል። «ፒቲፉሊ» ሲሆን የተጣለው «ኤል» ይመለሳል።

ከፒቲፉል ይልቅ ጣጣ የሚያመጣው «ፓቴቲክ» ነው። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ «አሳዛኝ፣ ልብ የሚነካ» ይላችኋል፤ አልዋሸም፣ አርጅቷል እንጂ። ሥሩ የግሪኩ «ፓቶስ» ነው፣ መከራ ወይም ስሜት። ሆስፒታል ያለው «ፓቶሎጂ»ም ከዚያው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ሲገባ «ስሜት የሚቀሰቅስ» ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን በአፍ ንግግር ንቀት ሆነ። ስለዚህ አባቱ ለሞተበት የውጭ አገር ባልደረባ «ዩር ስቶሪ ኢዝ ፓቴቲክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እያጽናና መስሎት እየሰደበ ነው። ጣርማ በር ላይ ለተገለበጠ መኪና «ትራጂክ»፣ ለመጥፎ ዜና «ሳድ»፣ አንጀት ለሚበላ ነገር «ሃርትብሬኪንግ» ይበቃል። ለሐዘንተኛው ደግሞ «አይ አም ሶ ሶሪ»። እዚህ ላይ አማርኛችን የወሰደው «ሶሪ» ይቅርታ ብቻ ስለሆነ «ምን አጠፋህና?» የሚል አይጠፋም። የእንግሊዝኛው ሥር ግን ጥፋት ሳይሆን ቁስል ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሕመምን ከሚጠራ ቃል የወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ምስኪን» ለማለት እንግሊዞች በየቀኑ የሚጠቀሙት ተራውን «ፑር» ነው። ሥራውን የሚወስነው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከስም በፊት፣ በተለይ ከተጸውኦ ስም ወይም ከ«ማይ» ጋር ሲመጣ ሐዘኔታ ነው፦ «ፑር አበበ» ምስኪኑ አበበ፣ «ማይ ፑር ማዘር» ምስኪኗ እናቴ። ከግሱ በኋላ ሲመጣ ግን ኪስ ነው፦ «አበበ ኢዝ ፑር» ማለት አበበ ገንዘብ የለውም። «ኤ ፑር ማን» አብዛኛውን ጊዜ ድሃ ሰው ነው። ዕቃ ላይ ሲገባ ጥራት ነው፣ መሬት ላይ ሲገባ የሳሳ አፈር። ይህ የመጨረሻው ከሥሩ አይርቅም፤ የላቲኑ «ፓውፐር» «ጥቂት የሚያፈራ» ከሚል እንደተገጣጠመ ነው የሚታመነው። ጭንጫ መሬት የሚያርስ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

«ሶሪ» ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ከግስ በኋላ «አይ አም ሶሪ» አዛኙ እኔ ነኝ። ከስም በፊት «ኤ ሶሪ ሳይት» የሚያስጠላ፣ የተጎሳቆለ ትዕይንት። እንደ ፑር አስባችሁ «ሶሪ ማን» ካላችሁ ሰውዬውን ጣላችሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መለማመድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ተራራ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ የምታነክስ ቀይ ቀበሮ ቢያይ «ፑር ቲንግ» ይበል። «ፓቴቲክ» ካለ «ቀበሮ ተብዬ» እንዳለ ነው የሚሰማው። «ፒቲየስ» ለድምፅ ይሆናል፣ እናቱ የጠፋችበት ግልገል ሲጮህ ለምሳሌ፤ ግን የመጽሐፍ ቃል ነው፣ በአፍ ሲነገር ይከብዳል።

የኛው «ምስኪን»ም ተጓዥ ነው። ግእዝ አለው፣ ዕብራይስጥ አለው፣ ዐረብኛ አለው፤ ከሁሉ በፊት በጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ ውስጥ ከጌታውና ከባሪያው መካከል የነበረውን ተራ ሰው የሚጠራው «ሙሽኬኑም» አለ። ከዐረብኛ ጣሊያን ተሻግሮ «ሜስኪኖ»፣ ፈረንሳይ ገብቶ «ሜስካን» ሲሆን ግን እሱም ወረደ፤ ስስታም፣ ጠባብ ማለት ሆነ። ስለዚህ አስጎብኚው ፈረንሳዊ እንግዳ ፊት በአማርኛ «ምስኪን!» ቢል ሽማግሌው እንግዳ ቀበሮዋ የተሰደበች ሊመስለው ይችላል። ወጣት ከሆነ ግን ይገባዋል፤ ከሰሜን አፍሪካ ዐረብኛ በከተማ ወጣቶች አፍ የገባ ሌላ «ሚስኪን» አላቸው፣ ትርጉሙም ልክ እንደኛው ነው።