ያልታጠበ ሳህን

መካከለኛው አሜሪካ ሄዶ የጥንት ነገር ልይ ያለ ሰው የሚጠብቀው ፒራሚድ ነው። እኔም ኤል ሳልቫዶር ስሄድ ካሜራዬን ያዘጋጀሁት ለዚያ ነበር። ሆያ ዴ ሴሬን ከሚባለው የጥንት መንደር ደርሼ ከትልቁ ጣሪያ ስር ወደ ጉድጓዱ ቁልቁል ሳይ ግን የጠበቀኝ የጭቃ ቤት ነው። መኝታው ለብቻ፣ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ለብቻ። ቅር አለኝ።

ቅሬታዬ የለቀቀኝ የሳህኖቹን ነገር ስሰማ ነው። ከ1,400 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመንደሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ከማይሞላ ቦታ፣ ሎማ ካልዴራ የሚሉት እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ራት ተበልቷል፤ ሳህኑ አልታጠበም፤ የመኝታው ሰሌንም ገና አልተዘረጋም። ተመራማሪዎቹ ሰዓቱን የገመቱት ከዚሁ ተነስተው ነው። ምግቡን የጠረገ ጣት መስመሩ ሳህን ላይ ቀርቷል። አንዲት ዳክዬም እንደታሰረች ተገኝታለች። የባልጩት ቢላዎቹ ሣር ክዳኑ ውስጥ ተሸጉጠው ነበር፤ ልጅ እንዳይነካቸው መሆኑ ነው።

እሳቱ ከወንዝ ውሃ ጋር ስለተገናኘ አመዱ እርጥብ ነበርና ያገኘውን ሁሉ እንደ ጭቃ ለብጦ ያዘው። ተክሉ ሲበሰብስ ቅርጹ ባዶ ሆኖ ቀረ። በዚያ ባዶ ቦታ ጀሶ እያፈሰሱ በቆሎውን ከነአገዳው አወጡት። አገዳው ወገቡ ላይ ታጥፎ ራሱን ወደ መሬት ደፍቷል። አስጎብኚያችን እንደነገረን ፍሬው ማሳው ላይ ቆሞ እንዲደርቅ፣ ዝናብም እንዳይገባበት ነው፤ የአገሩ ገበሬ ዛሬም እንዲሁ ያጥፈዋል።

የሰው አስከሬን ግን አንድም አልተገኘም።

ቦታውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ለእህል ጎተራ መሬት ሲደለድል የነበረ ዶዘር ነው። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ ቁፋሮውን ለዓመታት አቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

21 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ በሆነች አገር የእሳተ ገሞራው ብዛት ያስገርማል። እኔን ያሳቀኝ ኢሳልኮ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ተወልዶ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ስለነደደ መርከበኞች «የፓሲፊክ ፋና» አሉት። እሳቱን ቁጭ ብሎ ለሚያይ እንግዳ ፊት ለፊቱ ሴሮ ቬርዴ ተራራ ላይ ሆቴል ተሠራለት። ሆቴሉ ተጠናቆ እንግዳ ሊቀበል ሲል እሳቱ ዝም አለ።

ማታ ሳን ሳልቫዶር ተመልሼ መንገድ ዳር ፑፑሳ በላሁ። የበቆሎ ሊጥ ነው፤ ቦሎቄና አይብ ሆዱ ውስጥ ይጨመርና በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ተደርጎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥቅል ጎመን ከላዩ ይከመርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ መገበያያቸው ዶላር ስለሆነ ሻጯ መልሴን በአንድ ዶላር ሳንቲሞች ቆጥራ ሰጠችኝ። ሹካ ጠየቅኳት። እጇን ከሊጡ ሳታነሳ በከንፈሯ ወደ ጣቶቼ ጠቆመችኝ።