ኮምፕረሽን ታይትና ካልሲ፦ እስካሁን ያየሁት

ኮምፕረሽን ታይትና ረጅም ካልሲ፣ ማለትም እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ላስቲክነት ያለው የስፖርት ልብስ፣ መልበስ ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። አብራችሁኝ የምትሮጡ «ያፈጥናል ወይ?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከዚያው ልጀምር። አያፈጥንም። አብዛኞቹ ጥናቶችም በሩጫ ሰዓት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ማራቶንን በ2:15:25 ስትጨርስ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ አድርጋ ነበር። ያንን ሰዓት ያመጣው ግን የዓመታት ልምምዷ ነው።

እኔ ጥቅሙን ያየሁት በማግስቱ ነው። እንጦጦ የሚሮጥ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጭንን የሚቀጣው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ ሰውነታችንን ለመግታት እየተለጠጠ ይሠራል፤ ጥቃቅን ጉዳት የሚደርስበትም ያኔ ነው። ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ከታክሲ መውረድ እንኳ ጭንቅ ይሆናል። ከሩጫ በኋላ ታጥቤ ታይቱን ለብሼ ስውል ይሄ ሕመም ቀለል ይለኛል። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ደረጃ ስወርድ ልዩነቱ ይታወቀኛል። በጥናትም የታየው ይኸው መጠነኛ እፎይታ ነው።

ጥሩ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ደሙ ወደ ልብ እንዲመለስ ያግዛል፣ እብጠት ይቀንሳል። ጥብቀቱ የሚለካው እንደ ደም ግፊት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ለስፖርት ከ15 እስከ 20 ወይም ከ20 እስከ 30 የሚል ታገኛላችሁ።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። በጫማ ቁጥር ብቻ አትግዙ። ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ የቁርጭምጭሚታችሁን ቀጭን ቦታና የባታችሁን ወፍራም ቦታ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩና ማሸጊያው ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ሳልባጅ ከሆነ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተሰበሰበ ላስቲኩ አልቋል፣ ተዉት። የካልሲውን አፍ ደግሞ በፍጹም አትጠፉት፤ እጥፉ ባት ላይ እንደ ገመድ ያስራል። ጣታችሁ ከደነዘዘ ወዲያው አውልቁ። ስኳር ወይም የእግር ደም ሥር ችግር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ፣ አደራ።

አሁን ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን በተራ ቁምጣ እሮጣለሁ፣ ታይቱን የምለብሰው ቤት ስገባ ነው። ባት ላይ ብቻ የሚጠለቀውን፣ እግር የሌለውን የሞከራችሁ ካላችሁ ከካልሲው ይሻል እንደሆነ ንገሩኝ።