ከዚህ ሥራ አውጣኝ ብዬ ነበር የጸለይኩት

ጌታ ያደረገልኝን ልናገር። የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም ነኝ። ሥራዬን ከልጅነቴ ተመኝቼ ነው የገባሁበት። ኋላ ላይ ግን ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ ሆነብኝ። ዲዩቲ አድሬ ስወጣ እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሞት አፋፍ ላይ የነበረ በሽተኛ ድኖ፣ የራሱን ልብስ ለብሶ፣ እጄን ይዞ ሲመርቀኝ "አሜን" እላለሁ እንጂ ውስጤ ምንም አይልም። ባዶ። ያ አስፈራኝ።

በርንአውት የሚሉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ በዝርዝር ገልጾታል። በሽታ አይደለም፣ መላ ካልተበጀለት የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው ይላል፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት። ሦስቱም ነበሩብኝ።

በዚህ ላይ ሪፎርም መጣ ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ ሪፎርም ሲባል ብዙዎቻችን ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል። የታካሚውን ጥቅም ጠልተን አይደለም፤ ሰው ኪሱ ሳይታይ ይታከም ሲባል ደስ ይለናል። ግን ለውጡ ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሰው ቅጽ ሆኖ ነው። ታካሚው ይጨምራል፣ ሐኪሙ ያው ነው፣ ያንኑ በሽተኛ ሦስት መዝገብ ላይ ትጽፈዋለህ፣ ያዘዝክለት መድኃኒት ግን የለም። ማንም ምን ይሻላል ብሎ አልጠየቀህም።

"ጌታ ሆይ፣ ከዚህ አውጣኝ" እያልኩ ለመንኩ። መልቀቂያዬንም ጻፍኩ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ጋብ ሲል ዘጸአት 18ን ከፈትኩ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር ያየዋል። አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ ብቻህን አትችለውም ይለዋል። ሥራህን ተው አላለውም፤ የሚያግዙህን ሹም፣ ሸክሙን ተካፈሉት ነው ያለው። እንባዬ መጣ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ፦ "እንግዲያው ለእኛም ዮቶርን ላክልን።"

ላከልን! አዲስ የክፍል ኃላፊ ተመደበችልን። ሪፎርሙን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛውን ሰብስባ "በጣም የሚያደክማችሁ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። እያንዳንዳችን ስንናገር ትጽፋለች። የጄኔቫ ቃለ መሐላ የሚባለው የሐኪሞች መሐላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል ሐኪም የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ ቃል የሚገባበት ሐረግ እንደተጨመረበትም ያኔ ነገረችን። ሦስቱ መዝገብ አንድ ሆነ። ከአዳር ማግስት እረፍት ተፈቀደ። የግፊትና የስኳር ተመላላሾችን የሠለጠኑ ነርሶች መከታተል ጀመሩ፤ እኛም የከበደውን በሽተኛ ቁጭ ብለን የምናዳምጥበት ጊዜ አገኘን።

ደመወዙ ያው ነው፣ የመድኃኒት እጥረቱም አልተፈታም። እኔ ግን ደስታዬ ተመልሶልኛል፣ በሽተኛ ሲሻለው ዕልል በይ ዕልል በይ ይለኛል። መልቀቂያውን ቀድጄዋለሁ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!

አሁን ሪፎርሙን የሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ የመድኃኒቱን ጉዳይ ይዘን ወደ በላይ አካል ልንሄድ ነው። ጸልዩልን።